የዱላ ስልት የሚፈተነው እሺ በማይል ሰው ላይ ነው

በሶማሌላንዷ ሐርጌሳ፣ በ31 ሜይ ወረዳም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎችን ማየት ብርቅ አይደለም። ከከተማው ወጣ ሲባል አርብቶ አደሩ ግመሉን የሚነዳበት በትር አለ፤ አንድ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣ ሌላው ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ፣ እሾህ እየጎተተ በረት የሚያጥርበት «ሀንጎል»ም አለ። በእኛ አገር ደግሞ የወይራ ዱላና ሽመል ከገበሬው ትከሻ አይወርዱም። ዱላ ለአካባቢያችን ሰው እንዲህ ቅርብ ስለሆነ፣ የማርሻል አርት አሠልጣኝ «በዱላ ራስን መከላከል አስተምራለሁ» ሲል ቶሎ እናምነዋለን። ዱላ እንደሚጎዳ የሚጠራጠር የለም። የሚያጠራጥረው በአዳራሽ የሚለመደው ስልት ሳይታሰብ መንገድ ላይ ለሚመጣ ጥቃት መድረሱ ነው። በእኔ እምነት አብዛኛው አይደርስም፤ የሚደርሰውም ጥቂቱና ለዐይን የማይማርከው ነው።

አንድን ስልት ለመመዘን ዕድሜውንና ውበቱን ማየት አይበቃም፤ በምን ዓይነት ሰው ላይ እንደተፈተነ መጠየቅ ያሻል። በየትርኢቱ የሚታየውን የዱላ ነጠቃ እንውሰድ። አጥቂ ሆኖ የቆመው ተለማማጅ ዱላውን ከላይ ወደ ታች ይሰነዝርና ክንዱን እንደዘረጋ ይቀራል። ተከላካዩ በግራ እጁ አንጓውን ይይዛል፣ የራሱን ዱላ በክንዱ ሥር ያሾልካል፣ ይጠመዝዛል፤ የባላጋራው ዱላ ወለል ላይ ይወድቅና ጭብጨባ ይከተላል። ይህ ሁሉ የሚሳካው አጥቂው ክንዱን መልሶ ስላልሳበ፣ ስላልደገመ፣ በሌላኛው እጁም ስላልተማታ ነው። የተቆጣ ሰው እጁን ዘርግቶ አይጠብቅም፤ በላይ በላዩ ይደጋግማል። በዚያ ላይ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊልያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው፣ አማራጭ በበዛ ቁጥር ሰው ለመወሰን የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። ለደርዘን ጥቃት ደርዘን መልስ ያጠና ሰልጣኝ፣ ልቡ እየደለቀ የትኛውን እንደሚያወጣ ሲያመነታ ይመታል።

ይህን ከባለሙያዎቹ መካከል ራሳቸው የፈተኑት አሉ። ፊሊፒንስ አርኒስ የተባለውን የዱላ ጥበቧን እ.ኤ.አ. በ2009 በሕግ ብሔራዊ ስፖርቷ አድርጋዋለች፤ ስፖርታዊ ውድድሩ ግን የራስ ቁርና የደረት መከላከያ አለው፣ ነጥብም ይቆጠርበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ የተሰባሰቡት ዶግ ብራዘርስ የተባሉ ተፋላሚዎች ይህ አላረካቸውም። የፊት መከለያና ስስ ጓንት ብቻ አጥልቀው በሙሉ ኃይል መመታታት ጀመሩ። ከልምዳቸው የወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ግጥሚያው በተደጋጋሚ ወደ መተናነቅ ይገባል፣ ሁለቱም መሬት ላይ ይወድቃሉ። ዱላ ለመወንጨፍ ቦታ ይፈልጋልና ሰውየው ደረት ለደረት ከገጠመ የዱላው ጉልበት ያልቃል። በጠባብ ደረጃ፣ በታክሲ ውስጥ ወይም ቢላ ይዞ በተጠጋ ሰው ፊት ይህ ጉድለት ይብሳል።

«አባቶቻችን በዱላ ኖረዋል፤ የዘመናት ልምድ እንዴት ይናቃል?» የሚል ይኖራል። ሙግቱ ክብደት አለው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሱሪ ብሔረሰብ ሰዎች ዶንጋ በተባለ ከቁመታቸው በሚረዝም ዱላ ሲፋለሙ የሚያስመስል የለም፤ ደም ይፈስሳል፣ አጥንት ይሰበራል። በሶማሊያ አፍጎዬም በየዓመቱ በኢስቱንካ በዓል የሸበሌ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ማዶ ሰዎች በዱላ ይገጥማሉ። እነዚህ ከአዳራሹ ልምምድ እጅግ የላቁ ፈተናዎች ናቸው። ሆኖም ቀኑ የታወቀ፣ መሣሪያው እኩል፣ ገላጋዩ ቅርብ ነው። በዶንጋ የወደቀን መምታት ነውር ነው፣ መግደልም ክልክል ነው። ወንበዴ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከኋላ ይመጣል፣ ጓደኛም ያስከትላል። ዶንጋ ድፍረትን፣ ርቀት መለካትንና ሕመም መቻልን ያስተምራል፤ ድንገተኛ ጥቃትን ግን ሊያስተምር አይችልም፣ ለዚያም አልተፈጠረም።

ሌላው መከራከሪያ ፖሊስ ዱላ መያዙ ነው። ፖሊስ ግን ባልደረባ፣ ሬዲዮና የሕግ ሥልጣን አብረውት አሉ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1991 በሎስ አንጀለስ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ሠልጥነው የወጡ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ የተባለን ሰው በብረት ዱላ ከ50 ጊዜ በላይ መቱት። የራስ ቅሉና እግሩ ተሰበሩ፤ ፖሊሶቹ ግን በፍርድ ቤት «ሊነሳ እየሞከረ ነበር» ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸውን መቀበል አይጠበቅብንም። ድርጊቱ ግን ማቁሰልና ማስቆም ለየቅል መሆናቸውን ያሳያል፤ ዱላ ሰውን ለዕድሜ ልክ ሊያጎድል ይችላል፣ በዚያችው ቅጽበት ግን ላያስቆመው ይችላል።

ከዚህ የሕጉ ጣጣ ይከተላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 79 ግን ከመጠን ያለፈውን ተጠያቂ ያደርጋል። ጭንቅላት ላይ ያረፈ አንድ የወይራ ዱላ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለውን ድንበር በቅጽበት ያሻግራል። በሶማሌላንድ ደግሞ ከመንግሥት ሕግ ጎን የጎሳ ሕግ፣ «ሔር»፣ ይሠራል። ለቁስል ካሳ አለ፤ በባህሉ ለአንድ ወንድ ነፍስ የሚከፈለው «ማግ» 100 ግመል ነው፣ የሚያዋጣውም የገዳዩ ወገን በሙሉ ነው። እዚያ የሚሠራ፣ ከሶማሌ ጎሳ ያልሆነ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ ከፋይ ወገን ከኋላው የለውም። ስለዚህ «ጭንቅላቱን በለው» የሚል አሠልጣኝ፣ ከምቱ በኋላ ስለሚመጣው ካላስተማረ ግማሹን እንኳ አላስተማረም።

«ምንም ካለመማር ይሻላል» የሚለው የመጨረሻው ክርክር በከፊል እውነት ነው። ሥልጠና ጉልበትና ቅልጥፍና ይሰጣል፣ ድንጋጤን ይቀንሳል። አደጋው ሰልጣኙ መሸሽ ሲገባው ችሎታውን ተማምኖ የቆመ እንደሆነ ነው። በከባዱ ፈተና ውስጥ አልፎ የሚቀረው ትምህርት አጭር ነው፦ ርቀት መጠበቅ፣ የሚሰነዝረውን እጅ መምታት፣ ከመስመሩ ወጥቶ መሄድ። ይህም ቢሆን ዱላው በእጅ ላለና አጥቂውን አስቀድሞ ላየ ሰው ነው። እረኛውን ከጅብና ከውሻ የሚያድነው በትሩ ሁልጊዜ በእጁ ስለሆነ ነው፤ የከተማው ሰው እጅ ግን በስልክና በፌስታል ተይዟል። እንግዲህ ለሥልጠና የሚከፍል ወላጅም ሆነ ወጣት፣ አጥቂው እምቢ የሚልበት፣ የሚደጋግምበትና የሚተናነቅበት ልምምድ መኖሩን አይቶ ይመዝገብ። ከሌለ የሚከፍለው ለጥሩ ስፖርትና ለማራኪ ትርኢት ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ ያወጡ ይሆናል፣ በራስ መከላከል ስም መሸጥ ግን የለባቸውም።