የጀጎል አስጎብኚ ሲመረጥ ታሪኩም ይመረጣል

ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ የሐረር ስም በጉዞ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ ይነሳል። የሚቀርበው የእግር ጉብኝት ግን አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም፤ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ሥር ፎቶ፣ «የራምቦ ቤት»፣ ምሽት ላይ ጅብ ማብላት፣ በማግስቱ መመለስ። ጎብኚው ዋጋ ያወዳድርና ርካሹን ይይዛል። ብዙ የአገር ልጅ ደግሞ ጭራሽ አስጎብኚ አይዝም፤ «በገዛ አገሬ ማን መንገድ ያሳየኛል?» ይላል።

ነገሩ ከኪስ ያለፈ ጣጣ አለው። በታሪክ ሲጨቃጨቅ በሚውል አገር፣ ጀጎልን ከማን ጋር እንደሚዞሩ መምረጥ የማንን ታሪክ ይዘው እንደሚመለሱ መምረጥ ነው።

ፈረስ መጋላ አደባባይን ማየት ይበቃል። ዛሬ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በቆመበት ስፍራ ቀድሞ የነበረው መስጊድ ነው። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን ገዝተው ወጡ፤ አሚር አብዱላሂ ሥልጣኑን ያዘ፤ በጥር 1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ አሸንፎት ሐረር ገባ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ የራስ መኮንን መቀመጫ ሆነች። ይህ አደባባይ ለአንዱ የአገር አንድነት መታሰቢያ ነው፤ ለሌላው ያልሻረ ቁስል ነው። አንዱ አስጎብኚ «ይህ መድኃኔዓለም ነው» ብሎ ያልፋል። ሌላው የሚወደውን ግማሽ ብቻ ይተርካል። ጥሩው አስጎብኚ ግን ቆም ብሎ ሁሉንም በየተራው ያነሳል፤ ፍርዱን ለሰሚው ይተወዋል። ሦስቱም የሚያስከፍሉት ዋጋ ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ ጎብኚው ይዞት የሚሄደው ግን ለየቅል ነው።

«የራምቦ ቤት»ም ሌላ መለኪያ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. የንግድ ወኪል ሆኖ ሐረር መጣ፤ ቡና እና ቆዳ ነገደ፤ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን የሠራው የሕንድ ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል፤ ራምቦ እዚያ መኖሩንም ብዙ አዋቂዎች አይቀበሉትም። ይህን ደብቆ «እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር የሚጽፈው» የሚል አስጎብኚ ጎብኚውን ያታልላል፤ ከዚያም በላይ የበለጠውን ወሬ ያስቀርበታል። የሕንድ ነጋዴ ሐረር ምን ያደርግ ነበር? ብሎ የጠየቀ ሰው ዘይላን፣ በርበራንና ኤደንን፣ ከባሕሩ ወዲህና ወዲያ ይመላለስ የነበረውን ንግድ ያገኛል። ሐረርን ሐረር ያደረጋት ከራምቦ ይልቅ ይህ ንግድ ነው።

«ስልኬ ላይ ካርታ አለ፣ ብቻዬን ብዞር ይሻለኛል» የሚለው ሐሳብ ከንቱ አይደለም። ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠራው ግንብ ስለሚከበው ሰው ጠፍቶ አይቀርም። በጠባቦቹ መንገዶች ያለ ዓላማ መዞር፣ መኪና ግርግር ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ድምፅ መስማት ለብቻም ደስ ይላል። ነገር ግን የሐረሪ ቤት ፊቱን የሚያዞረው ወደ ውስጥ ነው። ከመንገድ የሚታየው ግድግዳና በር ብቻ ነው። ከፍና ዝቅ ያሉት ነደባዎች፣ በየትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ የሚደነግገው ሥርዓት፣ በግድግዳው የተሰቀሉት ስፌቶች፣ ይህ ሁሉ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። በሩን የሚያስከፍተው ደግሞ ቤተሰቡ የሚያውቀው ሰው ነው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 አድባራት የሚቆጠሩበት፣ ሰው ወልዶ የሚያሳድግበት ከተማ ሆኖ ነው። ግድግዳው ላይ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ መንገደኛ ለባለቤቱ የሚተወው ነገር የለም። አሮጌ ቤት ደግሞ በየጊዜው ኖራና ጭቃ፣ እንጨትና ጉልበት ይፈልጋል። ቤታቸውን ለሚከፍቱት ተገቢውን የሚያስከፍል፣ ገበያ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ሳያስፈቅድ ካሜራ የማያስነሳ አስጎብኚ ለከተማዋም ይጠቅማል።

እንዲህ ያለውን ሰው ለመለየት ብዙ ምርመራ አያስፈልግም። ፈቃድ እንዳለው ከተረጋገጠ በኋላ ጥቂት ጥያቄ ይበቃል። ከየትኛው በር ተነስቶ ምን ያህል ሰዓት በእግር ይሄዳል? «በባጃጅ ሁለት ሰዓት ይበቃል» ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል፤ ግማሽ ቀን ያህል ያስፈልጋል። ጌይ ሲናን ይናገራል ወይ? የበሮቹን ስም በስንት ቋንቋ ያውቃል? በአማርኛ ሸዋ በር የሚባለው በሐረሪ አስመዲን በሪ ነው፤ ቡዳ በር የሚባለው በድሮ በሪ ነው። ስሞቹን ሁሉ የሚያውቅ አስጎብኚ ብዙውን ጊዜ በየበሩ ይገባና ይወጣ የነበረውን ሕዝብም ያውቃል። በመጨረሻ ከባዱ ጥያቄ ይምጣ፤ አደባባዩ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ምን ነበር? የሚደነግጥ፣ የሚቆጣ ወይም ወሬ የሚቀይር ሰው ገና ከመነሻው ታወቀ ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገርም በግልጽ ይነገር። በአውሮፓ ከተሞች «ነፃ» የሚባለው የእግር ጉብኝት በጉርሻ የሚከፈል ነው፤ በየትኛውም የቱሪስት ከተማ ደግሞ ከልክ በላይ የረከሰ ጉብኝት መጨረሻው ሱቅ በር ላይ ነው፤ ልዩነቱን የሚሞላው ኮሚሽን ነው። ሂሳቡን አስቀድሞ የተስማማና በቂ የከፈለ ሰው ያንን ሰዓት ለከተማዋ ያውለዋል።

ስህተት የሚናገሩ፣ ያልነበረ የሚጨምሩ አስጎብኚዎች አሉ፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ ገበያ የሚያቀርበው የተጠየቀውን ነው። ጎብኚው ስለ ጅብና ስለ ፎቶ ብቻ እስከ ጠየቀ ድረስ፣ ለመጽሐፍና ለሽማግሌ ጊዜ የሰጠው ወጣት አስጎብኚ ከማያነበው ጓደኛው በላይ አያገኝም። ለቀጣዩ ሹዋሊድ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው ከዋጋው በፊት ስለ ፈረስ መጋላ ቢጠይቅ፣ የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይሆንም።