አንዳንድ ቀን አልነሣም ስለሚል መኪና
ጨርሶ የማይነሣ መኪና ሕመሙ ይታወቃል፤ ጧት ተነሥቶ ማታ እንቢ የሚለው ግን ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ከደጅ ሊያስቀር ይችላልና ይበልጥ ያሠጋል። ስለዚህ ለአዲስ ባትሪ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት፥ መኪናው እንቢ ባለበት ሰዓት ድምፁን ማድመጥ እንደሚገባ ለአንባቢዎቻችን እናሳስባለን።

ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ፈዝዞ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ቢደጋገም፥ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ማሰሪያው ላልቷል፥ አለዚያም ዝጓል። መብራቱ ሳይፈዝ አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ቢል፥ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ነው። ሞተሩ እየዞረ ባይነሣ፥ ቤንዚኑና ካንዴላው ይመርመሩ።

አድሮ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ቢያሳይ ሙሉ ነውና ለመለወጥ አይቸኮል፤ ማሰሪያውን ማጽዳትና ማጥበቅ ይቅደም። ነጌቲቩ መጀመሪያ ይፈታል፥ በመጨረሻ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚህ አያልፍም።