ገጹ ካለቀ በኋላ የሚጠሩ ቋንቋዎች

ባለጉዳይ ሆኜ በየመሥሪያ ቤቱ ተራ ስጠብቅ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡትን የተቋም መጽሔቶች አገላብጣለሁ። ወረቀታቸው ጥሩ ነው፤ ቀለማቸውም ደማቅ ነው። ብዙዎቹ ከአማርኛው ጎን አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ መያዛቸው ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ገጹን ልብ ብሎ ያየ ሰው የትኛው ቋንቋ አስቀድሞ እንደገባ፣ የትኛው በተረፈው ቦታ እንደተሸጎጠ ለማወቅ አይቸገርም። አንዱ ሰፊ ዓምድና ጎላ ያለ ርዕስ አለው፤ ሌላው ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደ ተጠራ እንግዳ ጥግ ይዞ፣ ፊደሉ አንሶ፣ መስመሩ ተጨናንቆ ይታያል።

ነገሩ ከአሠራር እንጂ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። ጽሑፉ በአንድ ቋንቋ ይሰናዳል፤ ዲዛይነሩ ገጹን በዚያው ልክ ያቀናብራል፤ ትርጉሙ የሚደርሰው ሥራው ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ነው። ቋንቋዎች ግን ልካቸው ይለያያል። በአማርኛ አንድ ፊደል ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ ቃሉ ያጥራል። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ግን የሚረዝመውን አናባቢና የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል። ለአማርኛ በተለካ ጠባብ ዓምድ ሲገባ ይቆራረጣል፤ ቋንቋውን የማያነብ ሰው ደግሞ ተጣምረው አንድ ድምፅ የሚሰጡትን ሁለት ፊደላት ሳይቀር በመስመር መጨረሻ ሊለያያቸው ይችላል። ዐረብኛማ ላልተዘጋጀለት ፕሮግራም ሲሰጥ ፊደላቱ ተነጣጥለው፣ ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ይወጣል።

አማርኛም ቢሆን አላመለጠም። ለላቲን ፊደል በተሠራ ቅጽ ሲፈስ፣ በእንግሊዝኛ ልክ የተቀመጠው የመስመር ርቀት ያፍነዋል። ትልቅና ትንሽ የሚባል የፊደል ዓይነት ስለሌለው፣ እንግሊዝኛው በካፒታል ያጎላውን ርዕስ በሌላ መንገድ ማጉላት ይጠይቃል። ለውበት ተብሎ በኮምፒውተር የተጋደመ አንቀጽም ዓይን ያደክማል።

ፎቶውም የራሱን ይናገራል። ሪባን የሚቆርጡት ኃላፊ ከነሙሉ ማዕረጋቸው ይጠቀሳሉ፤ አጠገባቸው የቆሙት እናት ግን «የፕሮጀክቱ ተጠቃሚ» ተብለው ይታለፋሉ። ስማቸውን የጠየቀ የለም፤ ፎቷቸው የት እንደሚወጣ የነገራቸው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

ሌላው ዓለም የገጹን መልክ ከጽሑፉ ጋር ከጅምሩ ያሰበበት ጊዜ ነበር። ገጣሚው አብደላጢፍ ላዓቢና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 ሞሮኮ ውስጥ «ሱፍል» የተባለውን መጽሔት ሲመሠርቱ፣ ሠዓሊው መሐመድ መለሂ የመጽሔቱን መልክ ከጅምሩ አብሯቸው ቀረጸ። ሠዓሊው ያለቀ ጽሑፍ ለማስጌጥ የተጠራ አልነበረም። በቋንቋ በኩል ግን እነሱም ዘግይተዋል፤ ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ለመላቀቅ የታገለው መጽሔት የጀመረው በፈረንሳይኛ ነበር። ዐረብኛ ገጾች የገቡት ኋላ ነው፤ «አንፋስ» የተባለው የዐረብኛ እህቱ የታተመው በ1971 ነው። በ1972 ሁለቱም ተዘጉ፤ ላዓቢም ታሰረ።

እኛ ዘንድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ተወስኗል። ውሳኔው ወደ ኅትመት ሲወርድ አምስት ቋንቋ በሁለት ዓይነት ጽሕፈት ማስተናገድ ማለት ነው፦ በግእዝ ፊደልና በላቲን፤ ዐረብኛ ሲጨመር ደግሞ ጽሕፈቱ ሦስት ይሆናል። ይህን አንድ ዲዛይነር ብቻውን አይወጣውም፤ ሊወጣውም አይገባም።

ስለዚህ የየቋንቋው አዘጋጆች ርዕስ ሲመረጥና ገጽ ሲለካ አብረው ይቀመጡ። በጨረታ ሰነዱ ላይ ከወረቀቱ ክብደትና ከገጹ ብዛት ጎን የየቋንቋው አራሚ ይካተት፤ ለሥራውም ይከፈለው። የመጨረሻውን ረቂቅ ቋንቋውን የሚያነብ ሰው አይቶ ሳይፈርምበት ወደ ማተሚያ ቤት አይላክ። ጥቂት ቀናት ይጨምር ይሆናል፤ ሊነበብ የማይችል መጽሔት በሺህ ከማሳተም ግን ይረክሳል።