የድል አድራጊ ትሕትና በግሪኮች ቴአትር

የጥንት ግሪኮች ለዓለም ካወረሱት ጥበብ አንዱ ቴአትር ነው። ይህም ለእነርሱ ሕዝብ ልቡን የሚመረምርበት አደባባይ ነበር። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ኤስኪሎስ የደረሰው «ፋርሶች» የተባለው ቴአትር ነው።

ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት በሳላሚስ የፋርስን መርከቦች ድል ነሡ። ከስምንት ዓመትም በኋላ በ472 ይህ ቴአትር በአቴና ታየ፤ የመዘምራኑንም ወጪ ፔሪክሌስ ቻለ። ደራሲው በማራቶን ፋርሶችን የተዋጋ ወታደር ሲሆን፣ የጻፈው ግን በጠላት ላይ የሚፎክርበትን አይደለም፤ በሱሳ ከተማ ልጇን በጭንቀት የምትጠብቀውን የንግሥቲቱንና የሽማግሎቹን ልቅሶ ነው። የሞተው ንጉሥ ዳርዮስም ከመቃብር ተነሥቶ የልጁን ትዕቢት ሲገሥጽ ያሳያል። አቴናውያንም ከተማቸውን ያቃጠለውን ጠላት ኀዘን ተመልክተው አንደኛውን ሽልማት ሰጡት።

ነገር ግን ያጨበጨቡለትን ትምህርት ልጆቻቸው ዘነጉት። በ415 ሲሲሊን ለመያዝ ብዙ መርከብ ላኩ፤ በ413 ግን ሠራዊታቸው ጠፋ፤ ልቅሶውም ከሱሳ ወደ አቴና ተመለሰ።

እንግዲህ ትዕቢት ድል የሆነውን ብቻ ሳይሆን ድል አድራጊውንም ይጥላልና፣ ሹም ሁሉ በተመሰገነበት ቀን የሚገሥጸውን ቃል ቢሰማ ይጠቀማል።