ሰማዩ ታርሷል፤ ዘቡስ ማን ነው?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ለረጅም ዘመናት የሰፊውን ሕዝብ አንደበት ለመዝጋት ሲያገለግል የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ ሁለቱንም ክፍል ሽሮታል። ስለ ንጉሥ የተባለው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ፈረሰ። ስለ ሰማይ የተባለው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ባመጠቀች ዕለት ፈርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በእርግጥ ታርሷል። እንግዲህ ዛሬ መነሳት ያለበት ጥያቄ ማን ያርሰዋል፣ ምን ይዘራበታል፣ ከሥሩ የሚኖረውስ ሕዝብ ምን ያህል ያውቃል የሚለው ነው።

ሶቪየት ኅብረት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ «ኮስሞስ» የሚለውን ስም ለልዩ ልዩ ሳተላይቶቿ ሰጠች። ለሳይንስ ምርምር የተላከውም ሆነ ለጦር ስለላ የተላከው በዚሁ አንድ ስም ይጠራ ነበር፤ የሚለየው ተራ ቁጥሩ ብቻ ነበር። ሩሲያም ይህንኑ ልማድ ወርሳለች። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከፕሌሴትስክ የመጠቀው ኮስሞስ 2576 አንድ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት በሚዞርበት ምሕዋር አቅራቢያ ተቀመጠ። የአሜሪካ መንግሥት ይህ የሳተላይት ማጥቂያ መሣሪያ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ሩሲያ ውንጀላውን አስተባበለች። አሜሪካም ብትሆን የራሷን የስለላ ሳተላይቶች የምሕዋር መረጃ ለሕዝብ አትገልጽም። በ1969 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል መንግሥታት የሚያመጥቁትን ሁሉ በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። ነገር ግን ለመከላከያ ሚኒስቴር ተግባር የተላከ ነው የሚል አንድ መስመር ከተጻፈ መዝገቡ ሞልቷል ይባላል። መዝገብ አለ፤ ዕውቀት ግን የለም።

አገራችን ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአስመራ በ1945 ዓ.ም. በተፈረመ ውል አሜሪካ ያስተዳደረችው የቃኘው ጣቢያ፣ ከ1950ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ሁለት ግዙፍ የሬዲዮ ሳህኖች ተክሎ የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮችን ምልክት ያዳምጥ ነበር። የትልቁ ሳህን ስፋት 46 ሜትር ያህል ነበር። አስመራ የተመረጠችበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ከተማዋ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከመሆኗም በላይ፣ የሶቪየት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ከሚገኝበት ከክራይሚያ ጋር በተቀራራቢ የኬንትሮስ መስመር ላይ ትገኛለች። መንኮራኩሩ ለክራይሚያ ሲናገር አስመራም ትሰማለች ማለት ነው። ጣቢያው በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. እንዲዘጋ ታዘዘ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ማዳመጥ ለአገሬው ተማሪ የተላለፈለት ትምህርት አልነበረም። ስሙ የእኛ ነበር፤ ቅኝቱ ግን የሌላ ነበር።

ታዲያ ሰማዩን መከታተል የግድ 46 ሜትር ሳህን የሚጠይቅ፣ ለኃያላን ብቻ የተፈቀደ ሥራ ነውን? አይደለም። ለዚህ የማያሻማ ማስረጃ የሚሆነን በእንግሊዝ አገር ኬተሪንግ በተባለች ከተማ ይገኝ የነበረ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ጄፍሪ ፔሪ የተባሉ የፊዚክስ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው በተራ የሬዲዮ መቀበያ የሶቪየት ሳተላይቶችን ድምፅ ያዳምጡ፣ የሚያልፉበትንም ሰዓት ይመዘግቡ ነበር። መጋቢት 8 ቀን 1958 ዓ.ም. የመጠቀው ኮስሞስ 112 እስከዚያ ድረስ ከሚታወቀው ከባይኮኑር ሊነሳ የማይችል መንገድ ይዞ አገኙት። በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ኮስሞስ 129 ተከተለ። የሁለቱን መንገድ ወደ ኋላ ቢስቡት፣ መስመሮቹ በሰሜን ሩሲያ ፕሌሴትስክ አቅራቢያ ተገናኙ። ሶቪየት ኅብረት በዚያ ስፍራ ማምጠቂያ እንዳላት በይፋ ያመነችው በ1975 ዓ.ም. ነው። መንግሥት አሥራ ስድስት ዓመት የደበቀውን የትምህርት ቤት ልጆች በእርሳስና በሰዓት አወቁት። ኃይላቸው የመሣሪያቸው ግዝፈት አልነበረም፤ ትዕግሥታቸውና የተደራጀ የጋራ ሥራቸው ነበር።

«ለጉብሬ ሠራተኛና ለቀበሌው ነዋሪ ይህ ምን ይፈይድለታል? ውኃው፣ መብራቱና የኑሮ ውድነቱ አይቀድምም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልሱ ግን የሰማዩ ምሥጢር ሰማይ ላይ አይቀርም የሚል ነው። ጥር 16 ቀን 1970 ዓ.ም. መርከቦችን በራዳር የሚሰልለው ኮስሞስ 954 የኑክሌር ማብላያውን እንደያዘ ወደ ምድር ወረደ። ጨረር ያለበት ስብርባሪው በሰሜን ካናዳ ላይ ተበተነ፤ ሶቪየት ኅብረትም በ1973 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ኅዳር 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩሲያ የራሷን አሮጌ ሳተላይት፣ ኮስሞስ 1408ን፣ በሚሳይል መታች። ከምድር ሊታዩ የሚችሉ ከ1,500 በላይ ስብርባሪዎች በምሕዋር ተበተኑ፤ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ሰዎችም፣ ሩሲያውያኑ ጭምር፣ ወደ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው ለመጠለል ተገደዱ። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጎረቤታችን በኬንያ፣ ማኩኤኒ በተባለው አውራጃ፣ 500 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ከሮኬት የተላቀቀ የብረት ቀለበት በአንድ መንደር ላይ ወደቀ። የወደቀው በማን አምጣቂ አገር ላይ አልነበረም፤ ባላመጠቀ ገበሬ መንደር ላይ ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጀመሪያዋን ሳተላይት አምጥቃለች። ዓላማዋም ስለ እርሻ፣ ስለ ደንና ስለ ውኃ መረጃ መሰብሰብ ነበር። በእንጦጦ ተራራ ላይም እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ስለዚህ ሰማዩ በምሥጢር መሣሪያና በስብርባሪ ሲሞላ የሚጠበው የእኛም መንገድ ነው። ድርሻ ያለው ሁሉ ጠባቂ ሊሆን ይገባል።

ጉብሬ ለዚህ ሥራ የሚያንሳት ነገር የለም። ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ የሚዞሩት የስለላ ሳተላይቶች መሬት ከሥራቸው ስለምትሽከረከር በእኛም ሰማይ ላይ ያልፋሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ጎሕ ከመቅደዱ በፊት፣ ምድር ጨልማ ከፍታው ግን ገና ብርሃን በሚያገኝበት ሰዓት፣ ሳይርገበገብ በዝግታ የሚጓዝ ኮከብ መሰል ነገር ያየ ሰው ሳተላይት አይቷል። በየትኛው ኮከብ አጠገብ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ከስንት ሴኮንድ እንዳለፈ በትክክል ከጻፈ ደግሞ ሳይንሳዊ ምልከታ አድርጓል። ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ምልከታዎች ሲደመሩ ምሕዋሩ ይሰላል። ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች መንግሥታት የሚደብቋቸውን ሳተላይቶች የሚከታተሉት በዚሁ ዘዴ ነው።

የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ጉብሬ ላይ ነው። ስሌቱን የሚያውቅ መምህርና ሌሊቱን የማይፈራ ወጣት በአንድ ስፍራ ተገኝተዋል ማለት ነው። የጉራጌ መንደር ደግሞ ጀፎረ አለው፤ ከቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ የጋራ መስክ ለለቅሶና ለደስታ እንደሚያሰባስብ ሁሉ፣ ሰማዩን ያለ ከልካይ ለማየትም የተመቸ ነው። የጉራጌ ሕዝብ ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋጥቶ መንገድ ያወጣ፣ ትምህርት ቤት የሠራ ሕዝብ ነው። አንድ ባይኖኩላር፣ አንድ የኮከብ ካርታ፣ አንድ ትክክለኛ ሰዓትና አንድ የመመዝገቢያ ደብተር ማዋጣት ከዚህ ሕዝብ አቅም በላይ አይደለም። የሚያስፈልገው ዩኒቨርሲቲው ከግቢው አጥር ወጥቶ፣ ነዋሪውም «ይህ የተማሪ ጉዳይ ነው» ከማለት ተቆጥቦ በአንድነት መቆም ነው።

ለማስገንዘብ የምንወደው፣ ይህ ተግባር ከሩሲያም ሆነ ከአሜሪካ ጎን መሰለፍ አለመሆኑን ነው። ኃያላኑ የሚካሰሱት እርስ በርሳቸው ነው፤ የሁለቱንም ክስ የሚመዝን፣ የራሱ ዓይንና የራሱ መዝገብ ያለው ሕዝብ ግን ያስፈልጋል። የሚያይ ሕዝብ በወሬ አይነዳም፤ የሚመዘግብም ሕዝብ የተነገረውን ሁሉ አይቀበልም። ትናንት በምድራችን ላይ ሌሎች ሰማያችንን አዳመጡ። ዛሬ ተራው የእኛ ነው። የቀበሌው ነዋሪ፣ ሠራተኛውና ወጣቱ ምሽት ላይ ወደ ጀፎረው ይውጣ፤ ሰዓቱን ያስተካክል፤ ያየውንም ይጻፍ!