ልጆቻችን ቆላ ሲወርዱ

ሳሪሳችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት ወባ እምብዛም አታውቀንም። ጭንቀታችን ልጆቻችን ለሥራ መተማና መተሐራ ሲወርዱ ነው። ቆላ ያደገ ሰው ደጋግማ ስለያዘችው ሰውነቱ በከፊል ይቋቋማታል፤ የደጋ ልጅ ግን ትጠናበታለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው በወጣች ጊዜ 150,000 ያህል ሕዝብ እንደፈጀች ይገመታል።

ከሁሉም በላይ የምትጎዳው ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ከጤና ጣቢያ የራቀውን ድሃ ነው። የቀን ሠራተኛው ክፍያው እንዳይቀርበት ትኩሳቱን ችሎ ይውላል፤ መዘግየቱ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ስለዚህ አጎበር አስይዘን እንሸኛቸው። ተመልሰው ካተኮሳቸው «ብርድ ነው» ሳንል በዕለቱ እናስመርምራቸው፤ የት ከርመው እንደመጡም ለሐኪሙ እንንገር። ሰበቡን ማድረስ ከእኛ፣ ሺፋው ከአላህ ነው።