ሜዳሊያ ያልነበረበት ምሽት



በጉባኤዎቻችን ስለ ሩጫ ሲነሳ ወዲያው የሚጠቀሰው ኦሊምፒክ ነው፤ የደራርቱ ባርሴሎና፣ የኃይሌ ሲድኒ። የአርሲ ሰዎች ነንና አይፈረድብንም። ዛሬ ግን ከሲሬ ሆነን ልናነሳ የወደድነው ማንም ሜዳሊያ ያላጠለቀበትን አንድ ምሽት ነው።

ቀኑ ነሐሴ 10 ቀን 1987 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 16 ቀን 1995)፣ ቦታው የስዊዘርላንዷ ዙሪክ። ውድድሩ በየዓመቱ የሚደረግ፣ አትሌቶች ተከፍሏቸው የሚሮጡበት የዘወትር ሥራቸው ነው። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚያው ወር መጀመሪያ ጎተንበርግ ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ቤቱ ገብቶ ቢያርፍ ማን ይወቅሰው ነበር? እርሱ ግን ለ5 ሺህ ሜትር ተሰለፈ።

የርቀቱ ክብረ ወሰን በኬንያዊው ሞሰስ ኪፕታኑይ እጅ ነበር። ኃይሌ ከዓመት በፊት ሄንግሎ ላይ ያስመዘገበውን 12:56.96፣ ኪፕታኑይ ሮም ላይ በ12:55.30 ወስዶበታል። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ክብረ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚሻሻለው። ኃይሌ በዙሪክ 12:44.39 ገባ። ወደ 11 ሰከንድ በአንድ ምሽት! በዚያ ፍጥነት 11 ሰከንድ ማለት ከ70 ሜትር በላይ ርቀት ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ምሽት ኪፕታኑይም ሮጧል፤ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል። 7:59.18 ገብቶ ርቀቱን ከ8 ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አንዱን ክብር ሲነጠቅ ማንም ያልደረሰበትን ሌላ ክብር አገኘ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ያ ሰው በዚያ ሌሊት የተባረከ ነበር ወይስ የተሸነፈ?

ይህን የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢያችን ገና ሳይነጋ ተነስተው የሚሮጡ፣ አንዳንዶቹም ለዚሁ ሲሉ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ወጣቶች አሉ። ወደ ጸሎት ሲመጡ አንዳንድ አገልጋዮች እጅ ጭነው ወርቅ ይተነብዩላቸዋል። ቤተሰብም ትንቢቱን ይዞ በሬ ይሸጣል። እኛ ይህን እንቃወማለን። በአንድ ውድድር ሁለት አማኞች ቢሰለፉ፣ ሁለቱም ተተንብዮላቸው ከሆነ፣ ሁለተኛ የወጣው ልጅ ምን ይበል? እምነቱ ጎደለ ልንለው ነው?

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሯጭን ምሳሌ አድርጎ ሲጽፍ ያተኮረው ራስን በመግዛትና ሥጋን በማሠልጠን ላይ ነው፤ ማን ወርቅ እንደሚያገኝ አልተነበየም። (ደግሞም የሚጠፋውን አክሊልና የማይጠፋውን ለይቷል፤ ይህን ስንሰብክ የምንዘለው ለምን ይሆን?)

ክብረ ወሰኑ ራሱ የት እንደደረሰ ተመልከቱ። በ1997 እ.ኤ.አ. ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን ወሰደው፤ በዓመቱ ኃይሌ አስመለሰው። በ2004 የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ 12:37.35 ሮጦ 16 ዓመት ያዘው፤ በ2020 ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 12:35.36 ገባ። ዙሪክን ያስደነቀው ሰዓት ዛሬ ከክብረ ወሰኑ 9 ሰከንድ ይዘገያል።

ታዲያ ለልጆቻችን ምን እንጸልይ? ለጉልበታቸው ጤና፣ ለእንቅልፋቸው፣ ከአበረታች መድኃኒት እንዲጠበቁ፣ ሳያነቡ ውል እንዳይፈርሙ፣ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ። ሽማግሌዎችም አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከአዲስ አበባ ሳይሳካለት የተመለሰ ልጅ እሁድ የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ካያችሁ፣ ስለ ሰዓቱ ሳትጠይቁት ምሳ ይዛችሁት ሂዱ።